የብዝኃ ሕይወት ዕቀባ ቃላት በአማርኛ፤ የስያሜ ችግሮችና አንዳንድ የመፍትሔ ሐሳቦች

1. መግቢያ

ከጥቂት ዓመታት በፊት በሰሜን ሸዋ ደጋ በተደረገ አንድ የገበሬዎች ስብሰባ ላይ ለመገኘት ዕድል አግኝቼ ነበር። ስሙን መጥቀስ የማያስፈልግ አንድ መሥሪያ ቤት ስለ ቀይ ቀበሮ ያሳተመው በራሪ ጽሑፍ ለተሰብሳቢው ተነበበ። ጽሑፉ ከእንግሊዝኛ የተተረጎመ ሲሆን፣ ፍሬ ነገሩ ብርቅዬው የቀይ ቀበሮ ዝርያ በመጥፋት ላይ ስለ ሆነ ጥበቃ ሊደረግለት ይገባል የሚል ነበር። ንባቡ እንዳበቃ አንድ ሽማግሌ ተነሥተው ሦስት ነገር ጠየቁ። በመጀመሪያ፣ እርሳቸው ከብት ሲያግዱ ዘወትር የሚያዩት እንስሳ ብርቅ የተባለው ስለ ምን እንደ ሆነ፤ ቀጥሎ፣ ጠፋ ከተባለ ወዴት ሄዶ እንደ ጠፋ፤ በመጨረሻም፣ ጥበቃ የተባለው ዘበኛ ከሆነ፣ ዘበኛው የሚጠብቀው ቀበሮውን ከሰው ወይስ በጎቹን ከቀበሮው መሆኑን ጠየቁ። ተሰብሳቢው ሣቀ፤ ሰብሳቢውም በሌላ ጉዳይ አለፉት።

የሽማግሌው ጥያቄዎች ግን በሣቅ የሚታለፉ አልነበሩም። በራሪው ጽሑፍ ከተመሠረተባቸው አራት ቁልፍ ቃላት ማለትም ከ«ብርቅዬ»፣ ከ«ዝርያ»፣ ከ«መጥፋት»ና ከ«ጥበቃ» ሦስቱን እርሳቸው በአማርኛነታቸው ተረድተዋቸዋል፤ ጸሐፊው ግን የእንግሊዝኛውን ጽንሰ ሐሳብ በልቡ ይዞ ነበር የጻፋቸው። በመካከሉ መልእክቱ ቀረ። እንስሳው ደግሞ በዚህ ዓይነቱ አለመግባባት የሚጎዳ ነው፤ ምክንያቱም የቀይ ቀበሮ ህልውና የተመሠረተው ከእርሱ ጋር በአንድ ደጋ በሚኖሩት ገበሬዎች ፈቃድ ላይ ነው።

የዚህ ጽሑፍ ዓላማ በብዝኃ ሕይወት ዕቀባ መስክ በአማርኛ የሚሠራባቸውን ዋና ዋና ስያሜዎች መመርመር፣ ጽንሰ ሐሳባቸውን መለየትና ለተርጓሚዎችና ለመዝገበ ቃላት አዘጋጆች የውይይት ሐሳብ ማቅረብ ነው። ዓ.ም. ተብሎ ካልተገለጸ በቀር በጽሑፉ ውስጥ ያሉት ዓመታት በአውሮጳ አቆጣጠር የተሰጡ ናቸው።

2. ብዝኃ ሕይወት

«ብዝኃ ሕይወት» ከሁለት የግእዝ ቃላት የተጣመረ ነው። «በዝኀ» ማለት በዛ፣ ብዙ ሆነ ማለት ሲሆን፣ «ብዝኅ» ከዚሁ ግሥ የሚወጣ ስም ነው፤ ትርጉሙም ብዛት ማለት ነው። በዘርፍ አያያዝ ሲናበብ የመጨረሻው ፊደል ወደ ግእዝ ስለሚለወጥ «ብዝኀ ሕይወት» ይሆናል። የ«ኀ» ግእዙና ራብዑ በአማርኛ አንድ ዐይነት ስለሚነበቡ ጸሐፊዎች «ብዝኃ»፣ «ብዝሃ»፣ «ብዝሀ» እያሉ ሲጽፉት ይታያል። ሥርወ ቃሉን የሚያሳየው በ«ኀ» የሚጻፈው ስለ ሆነና «ብዝኃ» የሚለው በብዙዎች ዘንድ ስለ ተለመደ፣ በዚህ ጽሑፍ እርሱን ተጠቅሜበታለሁ።

የቃሉ ችግር ከአጻጻፉ ይልቅ በትርጉሙ ላይ ነው። የእንግሊዝኛው ስያሜ በ1980ዎቹ አጋማሽ የተፈጠረ ሲሆን፣ በ1988 ኤድዋርድ ዊልሰን ባዘጋጀው መጽሐፍ አማካይነት በሰፊው ታወቀ። በዚህ ስያሜ ውስጥ ያለው ዋና ሐሳብ ልዩነት ነው። በ1992 በሪዮ ዴ ጃኔሮ ለፊርማ የቀረበውና ኢትዮጵያ በ1994 ያጸደቀችው የብዝኃ ሕይወት ስምምነትም ትርጉሙን የሚሰጠው በሕያዋን መካከል ባለው መለያየት ላይ ተመሥርቶ ነው። ይህም መለያየት በሦስት እርከን ይታያል፤ በአንድ ዝርያ ውስጥ፣ በዝርያዎች መካከልና በሥርዐተ ምኅዳሮች መካከል። በአንጻሩ የግእዙ «ብዝኅ» ብዛትን እንጂ መለያየትን አይናገርም።

ልዩነቱ በምሳሌ ሲታይ ግልጽ ይሆናል። ከሥር እስከ ጫፉ ባሕር ዛፍ የተተከለበት አንድ ኮረብታ ብዙ ሺህ ዛፎች አሉት። በአጠገቡ ያለ አንድ አሮጌ የቤተ ክርስቲያን ደን ደግሞ ምናልባት የዚያን አንድ አሥረኛ እንኳ ዛፍ አይኖረው ይሆናል፤ ነገር ግን ጽድ፣ ወይራ፣ ዝግባ፣ ኮሶ፣ ብሳና፣ ሐረጉና ቁጥቋጦው፣ በውስጡም ወፉና ነፍሳቱ አብረው ይኖሩበታል። በ«ብዝኅ» የግእዝ ትርጉም ብንሄድ ባሕር ዛፉ ይበልጣል፤ በስምምነቱ ትርጉም ብንሄድ ደኑ ይበልጣል። ብዙ ችግኝ መትከል ሁልጊዜ ብዝኃ ሕይወትን ማሳደግ የሚመስለን፣ ከፊሉ ከቃሉ የተነሣ ሳይሆን አይቀርም።

ይህም ሆኖ ስያሜው በሕግ፣ በትምህርትና በመሥሪያ ቤት ስም ጭምር ሥር ስለ ሰደደ መለወጡን አልደግፍም። «የሕይወት ስብጥር» የሚል አማራጭ ሊታሰብ ይችላል፤ ነገር ግን «ስብጥር» መደባለቅን ስለሚያጎላ ሌላ ችግር ያመጣል። የሚሻለው ነባሩን ስያሜ ይዞ በመጀመሪያ በሚጠቀስበት ቦታ ሁሉ «የሕያዋን ልዩ ልዩነት» ብሎ መተርጎም፣ ቁጥር ብቻ በሚነገርበት ቦታ ደግሞ «ብዝኃ ሕይወት»ን ትቶ «ብዛት» ማለት ነው።

3. ዝርያ፣ ንኡስ ዝርያ፣ ዘርና ዐይነት

በአማርኛ የሥነ ሕይወት ስያሜ «ስፍን፣ ክፍለ ስፍን፣ መደብ፣ ክፍለ መደብ፣ አስተኔ፣ ወገን፣ ዝርያ» የሚለው የአመዳደብ ተዋረድ የታወቀ ነው። በዚህ ተዋረድ «ዝርያ» የመጨረሻው እርከን ነው፤ እርስ በርሳቸው ተራክበው መውለድ የሚችል ልጅ የሚወልዱትን ሕያዋን ያመለክታል። በሕዝቡና በግብርና ሠራተኛው ንግግር ግን «ዝርያ» ከዚህ እጅግ የሰፋ ነው። የቦረና ከብት ዝርያ ይባላል፤ የተሻሻለ የስንዴ ዝርያ ይባላል፤ ስለ ሰውም የእገሌ ዝርያ ነው ይባላል። እንግዲህ አንድ ተርጓሚ «ባለፉት ዐሥርት ዓመታት ብዙ ዝርያዎች ጠፍተዋል» ብሎ ቢጽፍ፣ የጠፉት እንስሳት ይሁኑ ወይም የገበሬው የገብስ ዐይነቶች አንባቢው ለይቶ ሊያውቅ አይችልም።

ሁለቱ ጥፋቶች የተለያዩ ናቸው፤ ሁለቱም ከባድ ናቸው። አንድ ገበሬ ከአባቱ የወረሰውን የስንዴ ዘር ትቶ በሌላ ቢተካና ያ ዘር ከየጎተራው ቢያልቅ፣ ስንዴ እንደ ዝርያ አልጠፋም፤ በዝርያው ውስጥ ካለው ልዩ ልዩነት ግን አንድ ክፍል ጠፍቷል። ይህ የኋለኛው ጥፋት ለኢትዮጵያ የተለየ ትርጉም አለው። ሩሲያዊው የዕፅዋት ሊቅ ኒኮላይ ቫቪሎቭ በ1927 ኢትዮጵያን ጎብኝቶ አገሪቱን ከዓለም የሰብል መገኛና የልዩ ልዩነት ማዕከሎች አንዷ አድርጎ መድቧታል። በ1971 የቡናን ፍሬ የሚያጠቃው በሽታ በኢትዮጵያ በታየ ጊዜ መድኃኒቱ የተገኘው ከዚሁ ከአገሩ ቡና ነው፤ በሽታው ሲነካቸው ሳይበገሩ የቀሩ ዛፎች እየተመረጡ እንዲራቡ ተደረገ። ከኢትዮጵያ ገብስ የተገኘ አንድ በሽታ የመቋቋም ባሕርይም የካሊፎርኒያን ገብስ ከቢጫ አቀጭጭ ቫይረስ አድኗል። ቡናውም ገብሱም አንድ አንድ ዝርያ ናቸው፤ ያዳናቸው በዝርያው ውስጥ የነበረው መለያየት ነው።

ስለዚህ በሙያ ጽሑፍ «ዝርያ» ለተዋረዱ የመጨረሻ እርከን ብቻ እንዲወሰን፤ ከዚያ በታች ላለው የተፈጥሮ ክፍል «ንኡስ ዝርያ»፤ በሰው እጅ ለተዳቀሉና ለተመረጡ የቤት እንስሳት «ዘር»፤ ለሰብል ደግሞ ገበሬው ራሱ እንደሚለው «ዐይነት» እንዲባል ሐሳብ አቀርባለሁ። ገበሬው ከትውልድ ትውልድ ሲያስተላልፈው የኖረው የሰብል ዐይነት «የገበሬ ዘር» ቢባል ከምርምር ጣቢያ ከሚወጣው «ምርጥ ዘር» ጋር በጥሩ ሁኔታ ይነጻጸራል።

እዚህ ላይ አንድ ማስጠንቀቂያ መጨመር ያስፈልጋል። የዝርያን መጥፋት «ዘር ማጥፋት» ወይም «የዘር መጥፋት» ብሎ መተርጎም ፈጽሞ አይገባም። «ዘር ማጥፋት» በ1948 በወጣው ዓለም አቀፍ ስምምነት የተደነገገው፣ ኢትዮጵያም በ1949 ያጸደቀችው፣ በሰው ልጆች ላይ የሚፈጸም ወንጀል ሕጋዊ ስያሜ ነው። አንድ የሕግ ቃል ለሁለት ጉዳይ ሲውል የሁለቱም ክብደት ይቀንሳል።

4. ብርቅዬ

በመስኩ ካሉት ስያሜዎች ሁሉ እጅግ የተጎዳው ይህ ነው። «ብርቅ» ማለት ከስንት አንዴ የሚታይ፣ ስላልተለመደም የሚደነቅ ነገር ነው። ልጁ ብርቅ ሆነበት፤ ከተማው ብርቅ ነው ይባላል። «ብርቅዬ» ከዚሁ የወጣ የአድናቆት ቅጽል ነው። ከጊዜ በኋላ ግን ጋዜጦች፣ የመማሪያ መጻሕፍትና የጉብኝት ጽሑፎች «ብርቅዬ»ን በአንድ አገር ብቻ ለሚገኝ እንስሳና ተክል መጠሪያ አደረጉት። ከዚህ የተነሣ አራት የተለያዩ ጽንሰ ሐሳቦች በአንድ ቃል ሥር ተጨፈለቁ። አንደኛ፣ በአገሩ በተፈጥሮ የሚገኝ፤ ሁለተኛ፣ በዚያ አገር ወይም ሥፍራ ብቻ የሚገኝ፤ ሦስተኛ፣ ቁጥሩ ጥቂት የሆነ፤ አራተኛ፣ የመጥፋት አደጋ ያንዣበበት።

አራቱ አንድ አለመሆናቸውን እንስሳቱና ዕፅዋቱ ራሳቸው ይመሰክራሉ። ጭላዳ ዝንጀሮ የሚገኘው በኢትዮጵያ ብቻ ነው፤ ነገር ግን በሰሜኑ ደጋ በመቶ በሚቆጠር መንጋ ሲግጥ ይታያል። ስለዚህ የሁለተኛው ክፍል ነው እንጂ የሦስተኛው አይደለም። የግሬቪ የሜዳ አህያ በተቃራኒው በኢትዮጵያም በኬንያም ይገኛል፤ ነገር ግን ቁጥሩ ጥቂት ነው፤ ለመጥፋት አደጋም ተዳርጓል። ዋንዛና ዝግባ የአገሩ ተወላጆች ናቸው፤ ሆኖም በሌሎች የአፍሪካ አገሮችም ስለሚበቅሉ የኢትዮጵያ ብቻ አይደሉም። ቀይ ቀበሮ ግን ሁሉንም ያሟላል። በኢትዮጵያ ካሉት ወደ 6,000 ከሚጠጉ የከፍተኛ ዕፅዋት ዝርያዎች ከመቶ 10 ያህሉ በዚህ አገር ብቻ የሚገኙ ናቸው ሲባል፣ እነዚህ ሁሉ ሊጠፉ የተቃረቡ ናቸው ማለት አይደለም፤ «ብርቅዬ» የሚለው ትርጉም ግን ይህን ያስመስላል።

ከዚህም የረቀቀ ጉዳይ አለ። የስዌይን ቆርኬ ዛሬ በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ ንኡስ ዝርያ ነው። ይሁን እንጂ ቀድሞ በሶማሌ ምድር በብዛት ይኖር የነበረ ነው፤ የአገራችን ብቻ ሊሆን የቻለው በዚያ ስለ ጠፋ ነው። በጭላዳና በዚህ ቆርኬ መካከል ያለው ልዩነት በፍጥረት የተወሰነና በጥፋት የተወሰነ በመሆን መካከል ያለ ልዩነት ነው። ሁለቱንም በአንድ የኩራት ቃል «ብርቅዬ» ብሎ ማወደስ የኋለኛውን ሐዘን ይሸፍናል።

ለመጀመሪያው ጽንሰ ሐሳብ «አገር በቀል» የተለመደና የተስማማ ነው። ለሁለተኛው «ብቸኛ በቀል» እንዲባልና የሥፍራው ስም ምንጊዜም አብሮ እንዲጠቀስ ሐሳብ አቀርባለሁ፤ «የኢትዮጵያ ብቸኛ በቀል»፣ «የባሌ ተራሮች ብቸኛ በቀል» እየተባለ። ቀይ ቀበሮ አብዝቶ የሚመገበው ግዙፉ ፍልፈል ለምሳሌ የባሌ ተራሮች ብቸኛ በቀል ነው። «በቀል» ለእንስሳ አይሆንም የሚል ተቃውሞ ሊነሣ ይችላል፤ ሆኖም «አገር በቀል» ለዕውቀትና ለድርጅት ሳይቀር ስለሚነገር ቃሉ ከዕፅዋት ወሰን ከወጣ ቆይቷል። በተራ ጽሑፍ «በኢትዮጵያ ብቻ የሚገኝ» የሚለው ሐረግ ከማንኛውም ስያሜ ይበልጥ ግልጽ ነው። «ብርቅዬ» ለሦስተኛው፣ ማለትም ከስንት አንዴ ለሚታየው፣ ወደ ተፈጥሮ ትርጉሙ ይመለስ። ከጋዜጣና ከመዝሙር ልናወጣው አንችልም፤ ከሕግና ከሳይንስ ጽሑፍ ግን ልንለየው እንችላለን።

5. ጠፋ

አማርኛ «ጠፋ» በሚለው ግሥ ብዙ ነገር ይናገራል። መብራት ጠፋ፤ ላሟ ጠፋች፤ ቃሉ ከአእምሮዬ ጠፋ፤ ብዙ ጊዜ ያላየነውን ወዳጅ ደግሞ «ምነው ጠፋህ» እንላለን። በነዚህ አነጋገሮች ውስጥ የመመለስ ተስፋ አለ። መብራቱ ይበራል፤ ላሟ ትገኛለች፤ ወዳጅም ይመጣል። ሽማግሌው ወዴት ሄዶ ጠፋ ብለው የጠየቁት ቃሉን በትክክለኛ አማርኛው ስለ ተረዱት ነው። አንድ ዝርያ በሥነ ሕይወት ትርጉም ሲጠፋ ግን መመለስ የለም። በሰሜን አሜሪካ ሰማይ እንደ ደመና ይጋርድ የነበረው መንገደኛ ርግብ የመጨረሻዋ በመስከረም 1914 በሲንሲናቲ ከተማ የአራዊት ማቆያ ሞተች፤ ከዚያ ወዲህ በምድር ላይ አንድም የለም።

ስለዚህ አራት ደረጃዎችን በስያሜ መለየት ያስፈልጋል።

ሀ) ከአካባቢ የጠፋ። ቀይ ቀበሮ በጎጃም ከጮቄ ተራራ ጠፍቷል፤ በባሌ ግን ይኖራል። እዚህ ላይ የሥፍራውን ስም ሳይጠቅሱ ጠፋ ማለት ስሕተት ነው።

ለ) ከዱር የጠፋ። የዐረብ ሳላ በ1972 ከዱር ጠፍቶ ነበር። በሰው እጅ ይረቡ ከነበሩት ተወስዶ በ1982 በዖማን ምድረ በዳ እንደገና ተለቀቀ፤ ዛሬም በዱር ይኖራል። ይህ ደረጃ ተስፋ ያልተቆረጠበት ነው።

ሐ) ዘሩ የተቋረጠ። የሰሜኑ ነጭ አውራሪስ የመጨረሻ ወንድ በ2018 በኬንያ ሲሞት የቀሩት ሁለት እንስቶች ብቻ ነበሩ። እንስሳው በሕይወት አለ፤ በተፈጥሮ መንገድ ግን ሊተካ አይችልም። ወራሽ ሳይተካ ስለሚቀር ቤተሰብ አማርኛ «ዘሩ ተቋረጠ» ስለሚል፣ ቃሉ ያለ ምንም ጭንቅ ይስማማል።

መ) ፈጽሞ የጠፋ። የመጨረሻው መሞቱ የማያጠራጥር ሲሆን።

ስለዚሁ ግሥ ተርጓሚው ሊያስብበት የሚገባ ሌላም ነገር አለ። «ጠፋ» አድራጊ የሌለው ግሥ ነው። መንገደኛ ርግብ ጠፋ ስንል እንደ ጉም በራሱ የተነነ ይመስላል፤ በእውነቱ ግን ለገበያ እየታደነና ጫካው እየተመነጠረ ጠፋ። ምንጩ ጽሑፍ አድራጊውን ከጠቀሰ፣ ትርጉሙም «አጠፋ» ወይም «አስጠፋ» ብሎ አድራጊውን ማስቀረት የለበትም። በሰዋስው የተደበቀ አድራጊ በሕግ ፊት አይቀርብም።

6. የስጋት ደረጃዎች

ዓለም አቀፉ የተፈጥሮ ጥበቃ ኅብረት ከ1964 ጀምሮ «ቀይ መዝገብ» የተባለ ዝርዝር ያዘጋጃል። ዛሬ የሚሠራባቸው ዘጠኝ ደረጃዎች በመለኪያ የተወሰኑ ናቸው። ለምሳሌ የአንድ ዝርያ ለአቅመ መራባት የደረሱ አባላት ከ50 ያነሱ እንደ ሆነ በአንደኛው የአደጋ ደረጃ፣ ከ250 ያነሱ እንደ ሆነ በሁለተኛው፣ ከ1,000 ያነሱ እንደ ሆነ በሦስተኛው ሊመደብ ይችላል። እንዲሁም በ10 ዓመት ወይም በሦስት ትውልድ ዕድሜ ውስጥ፣ ከሁለቱ በሚረዝመው፣ ቁጥሩ ከመቶ 80፣ 50 ወይም 30 መቀነሱ ሌላው መለኪያ ነው። ቀይ ቀበሮ በሁለተኛው ደረጃ ይገኛል፤ የዱር አህያ በአንደኛው።

በአማርኛ ጽሑፎች ግን ሦስቱም ደረጃዎች «ሊጠፉ የተቃረቡ» በሚል አንድ ሐረግ ይጠቃለላሉ። ይህ የቃላት ማነስ ብቻ አይደለም። ገንዘብና ሰው በተወሰነበት አገር ከየትኛው ሥራ እንደሚጀመር የሚወሰነው በእነዚህ ደረጃዎች ስለ ሆነ፣ ደረጃውን የማያሳይ ትርጉም ለወሳኙ ባለሥልጣን ምንም አይነግረውም። ስለዚህ የሚከተሉትን አቀርባለሁ፤ ፈጽሞ የጠፋ፤ ከዱር የጠፋ፤ በእጅጉ ለመጥፋት አደጋ የተዳረገ፤ ለመጥፋት አደጋ የተዳረገ፤ ለመጥፋት አደጋ የተጋለጠ፤ ለስጋት የቀረበ፤ እምብዛም የማያሰጋ፤ መረጃ ያልተሟላለት፤ ያልተገመገመ። ከሦስተኛው እስከ አምስተኛው ያሉትን በአንድነት ለመጥራት «ህልውናቸው የሚያሰጋ» ማለት ይቻላል። በዚህ አሰያየም «የተዳረገ» አደጋው የደረሰበትን፣ «የተጋለጠ» ደግሞ አደጋው ሊደርስበት በሚችልበት ሁኔታ ያለውን ያሳያል። ሁለቱን ቃላት እያለዋወጡ መጻፍ ደረጃዎቹን ያፋልሳል።

7. ጥበቃና ዕቀባ

የሽማግሌው ሦስተኛ ጥያቄ ይህን ይመለከታል። «ጥበቃ» በዕለታዊ አማርኛ በር ላይ የቆመውን ሰው ጭምር ያመለክታል። አንድን ነገር መጠበቅ ከሌላው መከልከል ነው። ይህ ለአንዳንድ ሥራ ይስማማል፤ የእንስሳ አደን ሲከለከል፣ አንድ ፓርክ ሲከለል ጥበቃ ነው። የብዝኃ ሕይወት ስምምነት ግን ከመከልከል በተጨማሪ ሳይጨርሱ መጠቀምን ይደነግጋል። ለዚህ ሰፊ ጽንሰ ሐሳብ «ዕቀባ» የተሻለ ነው። ቃሉ ከግእዙ «ዐቀበ» የወጣ ሲሆን፣ በአፈርና ውኃ ሥራ «የአፈርና ውኃ ዕቀባ» ተብሎ ለገበሬውም ለባለሙያውም የታወቀ ነው። ገበሬው አፈሩን ሲያቅብ እርሻውን አይተውም፤ እየዘራ ያቆየዋል። አንድ መሰናክል አለ፤ ከዚሁ ሥር የወጣው «ማዕቀብ» በፖለቲካ ንግግር የቅጣት እገዳ ማለት ሆኗል። የምስል ልዩነቱ በቂ ስለ ሆነ ግን ሁለቱ ይደበላለቃሉ ብዬ አልሠጋም።

ከዚህ የሚከተሉት ሁለት ስያሜዎች ናቸው። ዝርያው በሚኖርበት ቦታ ሲታቀብ «በሥፍራው ዕቀባ»፤ ዘሩ ተሰብስቦ በዘር ባንክ፣ ወይም እንስሳው በማቆያ ሲታቀብ «ከሥፍራው ውጭ ዕቀባ»። በ1976 በአዲስ አበባ የተቋቋመው የዕፅዋት ዘር ሀብት ማዕከል በዚህ በኋለኛው ሥራ ይታወቃል። ማዕከሉን ለብዙ ዓመታት የመሩት ዶክተር መላኩ ወረደ ግን ዘሩ በገበሬው ማሳ ላይም እንዲቆይ ማለትም ሁለቱ የዕቀባ መንገዶች እንዲደጋገፉ ስለ ሠሩ በ1989 ዓለም አቀፍ ሽልማት ተሰጥቷቸዋል።

ጽንሰ ሐሳቡ ከውጭ የመጣ አለመሆኑንም ተርጓሚው ሊያውቅ ይገባል። በመንዝ የጓሳ መሬት «ቀሮ» በተባለ ሥርዐት ለብዙ ዘመን ይተዳደር ነበር። መሬቱ ለተወሰኑ ዓመታት ይዘጋል፤ ጓሳው ሲያድግ ይከፈታል፤ ባለ መብቶቹም ለቤት ክዳንና ለልዩ ልዩ ጥቅም ያጭዱታል። የ1967 ዓ.ም. የመሬት ዐዋጅ ከወጣ በኋላ ሥርዐቱ ቢፈርስም፣ ነዋሪው የጋራ መሬቱን መጠበቁን በሌላ መልክ ቀጥሏል፤ ቀይ ቀበሮና ጭላዳም ዛሬ በዚያ ይኖራሉ። እንዲህ ያለውን ሥርዐት ያቆመ ሕዝብ መዝጋትን፣ መክፈትን፣ ማሳደርን የሚገልጹ ቃላት አሉት። የመዝገበ ቃላት ሠራተኛ ወደ ግእዝ ከመሄዱ በፊት ወደ እነርሱ መሄድ አለበት።

8. የዝርያዎች መጠሪያ

በመጨረሻ ስለ ተናጥል ስሞች ጥቂት ልበል። ሩፔል የተባለው ጀርመናዊ ተመራማሪ በ19ኛው መቶ ዓመት ከስሜን ተራሮች ለሳይንስ ያስተዋወቀው እንስሳ በእንግሊዝኛ የስሜን ቀበሮ እየተባለ ሲጠራ ቆይቷል። በ1990ዎቹ የተደረገው የዘረ መል ምርመራ ከአፍሪካ ቀበሮዎች ይልቅ ለግራጫው ተኩላ የሚቀርብ መሆኑን ስላመለከተ፣ ዛሬ እንግሊዝኛው «የኢትዮጵያ ተኩላ» ይለዋል። ከዚህ የተነሣ የአማርኛውንም ስም ወደ «ተኩላ» ለመለወጥ የሚፈልጉ አሉ። አልስማማም። በአገራችን ብዙ ሥፍራ «ተኩላ» በመንጋ የሚያድነው የዱር ውሻ ስም ነው፤ እርሱም ራሱ ለመጥፋት አደጋ የተዳረገ ሌላ ዝርያ ነው። አንዱን ስሕተት ለማረም ስንል ሁለት እንስሳ በአንድ ስም ልንጠራ ነው። የሕዝብ ስም የአመዳደብ ሳይንስን የመከተል ግዴታ የለበትም፤ ያንን ሥራ ላቲኑ ስም ይሠራል። ኦሮምኛ እንስሳውን «ጄዳላ ፈርዳ»፣ የፈረስ ቀበሮ፣ ይለዋል፤ ማንም የፈረስ ዘመድ ነው ብሎ አልተሳሳተም።

ሌላው ወጥመድ ከእንግሊዝኛ ሲተረጎም የሚያጋጥም ነው። በአውሮጳ፣ በእስያና በሰሜን አሜሪካ የሚኖረውና ቁጥሩ እጅግ የበዛው ቀላ ያለ ቀበሮ በእንግሊዝኛ ስሙ ቃል በቃል ቀይ ቀበሮ ነው። ተርጓሚው እንዳለ ካስገባው፣ አንባቢው የአገሩ ቀይ ቀበሮ በዓለም ሁሉ ሞልቷል ብሎ ያምናል። በምድር ላይ የቀሩት አዋቂ ቀይ ቀበሮዎች ግን 500 ገደማ ብቻ ናቸው፤ ከግማሽ በላይ የሚሆኑት በባሌ ይገኛሉ፤ ከውሻ የሚተላለፈው የእብድ ውሻ በሽታም በየጊዜው ይፈጃቸዋል። የውጭውን «ቩልፔስ ቀበሮ» ብሎ መለየት ይበቃል።

ሕዝብ ስም ለማውጣት ኮሚቴ እንደማይጠብቅ የሚያሳዩም ምሳሌዎች አሉ። በ2011 በጣና ሐይቅ የታየው መጤ አረም በጥቂት ዓመታት ውስጥ «እምቦጭ» ተብሎ በመላው አገር ታወቀ፤ የትኛውም የተጠና ስያሜ እንዲህ ፈጥኖ አልተሠራጨም። በአፋር ምድር የተስፋፋውን መጤ እሾሃማ ዛፍ አፋሮች «ደርጊ ሐራ»፣ የደርግ ዛፍ፣ ይሉታል፤ ስሙ በየትኛው ዘመን እንደ ተስፋፋ ጭምር መዝግቦ ይዟል። ለእነዚህ ዕፅዋት የወል ስያሜ «ወራሪ መጤ ዝርያ» የሚለው ተስማሚ ነው፤ ግን «መጤ» ሁሉ ወራሪ አለመሆኑ አይዘንጋ። ባሕር ዛፍ መጤ ነው፤ በቆሎም መጤ ነው።

9. ማጠቃለያ

ከላይ የቀረቡት ስያሜዎች ለውይይት እንጂ ለውሳኔ የቀረቡ አይደሉም። ለአመች እንዲሆን በአጭሩ እደግማቸዋለሁ።

ብዝኃ ሕይወት፤ የሕያዋን ልዩ ልዩነት፣ በዝርያ ውስጥ፣ በዝርያዎችና በሥርዐተ ምኅዳሮች መካከል።
ዝርያ፤ የአመዳደብ ተዋረድ የመጨረሻ እርከን። ከእርሱ በታች ንኡስ ዝርያ።
ዘር፤ የቤት እንስሳ ክፍል። ዐይነት፤ የሰብል ክፍል። የገበሬ ዘር፤ ገበሬው ሲያወርሰው የኖረው የሰብል ዐይነት።
አገር በቀል፤ በአገሩ በተፈጥሮ የሚገኝ። ብቸኛ በቀል፤ በተጠቀሰው ሥፍራ ብቻ የሚገኝ።
ብርቅዬ፤ ከስንት አንዴ የሚታይ።
ከአካባቢ የጠፋ፣ ከዱር የጠፋ፣ ዘሩ የተቋረጠ፣ ፈጽሞ የጠፋ።
የተዳረገ፣ የተጋለጠ፤ የአደጋ ደረጃ መለያዎች።
ዕቀባ፤ ሳይጨርሱ እየተጠቀሙ ማቆየት። ጥበቃ፤ መከለልና መከልከል።

አንድ ዝርያ ከመጥፋቱ በፊት ብዙውን ጊዜ ስሙ ቀድሞ ይጠፋል፤ ከዱሩ የራቀ ልጅ አባቱ የሚያውቃቸውን የወፍና የሣር ስሞች አያውቃቸውም። ስለዚህ የአካባቢ ስሞችን ከነአጠራራቸውና ከነሥፍራቸው መዝግቦ ማቆየት የመዝገበ ቃላት ሠራተኛው በሥፍራው የሚያደርገው ዕቀባ ነው። በየወረዳው የሚሠሩ መምህራን፣ ተርጓሚዎችና የግብርና ባለሙያዎች በዚህ ረገድ ያላቸውን ማስታወሻ ለዚህ መጽሔት ቢልኩ፣ ከላይ የቀረቡት ስያሜዎች የሚታረሙበትም የሚጸኑበትም መሠረት ይገኛል። ያን ጊዜ በራሪ ጽሑፉ እንደገና ቢጻፍ፣ እንዲህ ሊል ይችላል፤ «ቀይ ቀበሮ በኢትዮጵያ ብቻ ይገኛል። ከአንዳንድ ተራሮች ጠፍቷል፤ በእናንተ ደጋ ግን አለ። ፈጽሞ እንዳይጠፋ ውሾቻችሁን አስከትቡ፤ ጓሳውንም እንደ አባቶቻችሁ በየተራ ዝጉና ክፈቱ»። ሽማግሌው ይህን ቢሰሙ ሌላ ጥያቄ ሊኖራቸው ይችላል፤ የቃል ጥያቄ ግን አይሆንም።